ጋሽ ፍንጭ፣ ምስጢር የማይደበቃቸው ሰው

ወንድማችን ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1920 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። ቁልፍ ጠፋብኝ የሚል ሰው ሲመጣ አባታችን አዲስ ከመቅረጻቸው በፊት ይህን ልጃቸውን ይልኩ ነበር፤ እሳቸውም ባለቤቱን ጥቂት ጠያይቀው ብዙ ጊዜ የጠፋውን ቁልፍ ይዘው ይመለሳሉ። አባታችን በዚህ ምክንያት ስንት ሥራ እንደቀረባቸው ፈጣሪ ይወቀው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1936 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ማተሚያ ቤት ገቡ። መጀመሪያ በፊደል ለቃሚነት፣ በኋላም በአራሚነት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ቀይ ብዕራቸው ያላረፈበት ወረቀት አልነበረም። የታናሽ እህታቸው የሠርግ መጥሪያ እንኳ ሁለት ስሕተት ተገኝቶበት እንደገና ታትሟል። ይህን የምትጽፈው ያቺው እህታቸው ናት፤ ዛሬም እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ታነባለች።

በ1951 ዓ.ም. በዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው፣ በ1953 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በ1960 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ከነሕፃኑ ዐረፉ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶ ቤት እንዳይጠብቃት፣ አባቷ በትርፍራፊ ወረቀት ጀርባ ታሪክ እየጻፉ ጠረጴዛው ላይ ይተዉላት ጀመር። በቀን አንድ ምዕራፍ። አራት ልጆችና አንድ ጆሮ ቆራጣ ውሻ በተዘጋ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተሰወረ ሰው ሲፈልጉ የሚያሳየው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው እንዲህ ተወለደ፤ በ1961 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በኋላ አሥር ተጨመሩ። መንገድ ላይ ልጆች ከበው “ጋሽ ፍንጭ፣ የሚቀጥለው ላይ ሌባው ማነው?” ሲሏቸው፣ “ገና አልያዝኩትም፤ ዘበኛው ግን አላማረኝም” እያሉ ያልፉ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ልጃቸው ሌላውን ሁሉ አንብባ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሳትሰጣቸው፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለማንም አያሳዩም። ካወቀችባቸው ቀደው እንደ አዲስ ይጽፋሉ። አምስተኛው መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ተቀዷል። ሦስቱንም ጊዜ በታይፕ የመታችው እህታቸው ጣቷ ሲያብጥ፣ እሳቸው “አወቀችብኝ እኮ!” እያሉ በደስታ ሰፈሩን ይዞሩ ነበር።

ልጅቷ አድጋ የመንገድ ቀያሽ ሆነች። ከከተማ ርቃ በድንኳን ስትኖር ረቂቁ በዕቃ መኪና ይሄድላታል፤ ቁራጯ ወረቀትም በዚያው መኪና ትመለሳለች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1988 ዓ.ም. የተሳፈረችበት መኪና ገደል ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር።

አባቷ በዚያ ሳምንት በልብ ሕመም ተኝተው ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። ሐኪሙ ድንገተኛ ሐዘን አይችሉትም አሉ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ “ትንሽ ይበርታና ይነገረዋል” ብሎ ተስማማ። “ለእኔ ተዉት፣ እኔ እይዘዋለሁ” ያለችው እህታቸው ናት። ልጅቷን ያለ አባቷ ቀበርናት። ጥቁር ልብሳችንን ጎረቤት ቤት እያወለቅን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ባለ ቀለም ቀሚስ ለብሰን እየገባን አጫወትናቸው።

አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ያኔ እየተገባደደ ነበር። ለልጄ ላኩልኝ አሉ። እህታቸው ወስዳ ራሷ አነበበችው። ልጅቷን ፊደል ያስጻፈቻት እሷ ስለነበረች የሁለቱ የእጅ ጽሑፍ አይለይም። “አባዬ፣ ጥፋተኛው መድኃኒት ቀማሚው ነው” ብላ ጽፋ፣ ከቀናት በኋላ መኪናው አመጣው ብላ ሰጠቻቸው። ትክክል ነበረች፤ ልቧም ኮራ። እሳቸው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና “ተገኘ” ብቻ አሉ። ያኔ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ አልቀደዱትም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ ባመጣችላቸው ቁጥር፣ “ሌላ የምትነግሪኝ የለም?” ይሏታል። “የለም፤ ደህና ናት” ትላለች። ጠዋት ትራሳቸው ረጥቦ ሲገኝ ላብ ነው ብለን ለሐኪሙ ተናገርን። አንድ ቀን ደግሞ፣ “ጥቁር እኮ ያምርብሻል” አሏት። ሳቀች። ያ ሳቋ ዛሬ ያንገበግባታል።

ወንድማችን ሰኔ 6 ቀን 1988 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ያለበትን ፖስታ ስንከፍት ከየመጽሐፉ የልጅቷ የመጀመሪያ ግምት፣ አሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀቶች፣ አብረው ታስረው አገኘን። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የጻፈቻቸው ናቸው። ሁሉም፣ የጥፋተኛው ስም ከመነሳቱ በፊት፣ በአንድ ጥያቄ ይጀምራሉ፦ “አባዬ፣ ውሻው አይሞትም አይደል?” ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ላይ የጻፈችውም እንዲሁ። ይህን እሳቸውና እሷ ብቻ ያውቁት ነበር።

አሥራ ሁለተኛው የእህታቸው ወረቀት ነው። “አባዬ” ከሚለው ቀጥሎ በቀይ ቀለም፣ አራሚዎች ቃል የጎደለበት ቦታ ላይ የሚያደርጉት ምልክት አለ። ከጎኑ ቀን ተጽፏል፦ ኅዳር 20። ወንድማችን መርዷቸውን ለራሳቸው አርድተው ከስድስት ወር በላይ ብቻቸውን አልቅሰዋል። እኛን ላለማሳፈር ደህና ናት ስንላቸው ተመስገን ይሉን ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ተጠናቋል፤ ማተሚያ ቤቱም ሳይነካ ያትመዋል። ውሻው አይሞትም።

ወንድማችን አንዲት እህት፣ ሁለት የእህት ልጆችና ቁጥራቸውን የማናውቃቸው አንባቢ ልጆች ትተው አልፈዋል። ዛሬ ከልጃቸው አጠገብ ያርፋሉ። ያየውን ሁሉ በይቅርታ የሸፈነውን ልባቸውን ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም እውነት በማይደበቅበት ቤት ይቀበልልን።

ወንድም ጋሼ፣ ሌላ የምነግርህ አለኝ። ልጅህ ሞታለች። ጥቅምት 14 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት። አልቅስ፤ እኔም አብሬህ ላልቅስ።