መዛግብቱን ከዝናብ ያወጡት እህታችን

ሁላችንም «ታላቄ» እያልን የምንጠራቸው እህታችን ከግንበኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩና ፊታችንን አጥበው፣ ደብተራችንን ለብደው፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሱን እሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ ነርስ ለመሆን አመልክተው «ቦታ ሞልቷል» ተባሉ። ለጊዜው ብለው የከተማው ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። የልደት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የአባቱን የሥራ ዘመን ፈልጎ ለሚመጣ ሁሉ ወንበር ስበው «የራስዎ ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡ» ይሉ ነበር። ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ሚስት ያገባሁ መስሎኝ መሥሪያ ቤት አገባሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ታላቄ አርባ ዓመት ሲሞላቸው፣ አንቱ ልንለው የማንፈልግ አንድ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። የንባብ ክፍሉን የእንግዳ መቀበያ ሊያደርገው መደርደሪያዎቹን አስነቀለ። የስንቱ ሰው ልደት፣ ጋብቻና ቤት የተጻፈበት መዝገብ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ተከመረ። ክረምት ነበር። እህታችን አቤት ቢሉ «ሴትዮ፣ አሮጌ ወረቀት እኮ ነው፤ አንቺን ምን ያንገበግብሻል?» አላቸው።

ነፋስ ላስቲኩን የገለበው ዕለት ባለቤታቸውን ከነእጅ ጋሪያቸው ጠርተው፣ በዝናብ እየተመላለሱ መዝገቡን ወደ ቤታቸው አጋዙ። በየአልጋው፣ በየወንበሩ መደገፊያ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰጡት። ልጆቻቸው ኩሽና ተኙ። መዝገቡ ሲደርቅ ሳሎናቸውን ከፍተው ፈላጊውን ሁሉ አስነበቡ።

ለዚህ ውለታ ከሥራ ተባርረው በሌብነት ተከሰሱ። ትልቋ ልጃቸው «የሌባ ልጅ» ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ተመለሰች። ዳኛው «የመንግሥት ንብረት ወስደዋል ወይ?» ሲሏቸው፣ «ወስጃለሁ። ሌባ ግን ይደብቃል፤ እኔ ቤቴን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው ያስነበብኩት» አሉ። ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታቸው። መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ተረከበ፤ እሳቸውን ግን ወደ ሥራቸው አልመለሰም። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእናታችን በወረሱት የስፌት መኪና ነው።

ከዓመታት በኋላ ያው መሥሪያ ቤት «መዛግብት ለሁሉም» የሚል በዓል አከበረ። ታላቄ ሳይጠሩ ሄዱ። የንባብ ክፍሉ ተቆልፏል። ጥበቃው «እማማ፣ ዛሬ በዓል ስለሆነ ንባብ የለም» አላቸው።

«ታዲያ ለማን ነው የምታከብሩት? የተቆለፈ በር ላይ ሪባን ታስራላችሁ?» ብለው የጮኹት ጩኸት ንግግር የሚያደርገውን ባለሥልጣን አስቆመው። እንግዶቹ ወጡ፣ ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ መጀመሪያ «ጠፍቷል» ያሉት ቁልፍም ወዲያው ተገኘ። ክፍሉ ከዚያን ቀን ወዲህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ዛሬ ልጆቻችሁ የሚያነቡበት እሱ ነው።

ያ እርጥብ መዝገብ ቤታቸውን የሞላው የሻጋታ አየር ሳንባቸውን ሲጎዳው ኖሮ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው አረፉ።

ይህ ጽሑፍ የተቀጠሩበትንና የተባረሩበትን ቀን አይናገርም። ረስተነው አይደለም። የሥራ ማኅደራቸውን ብንጠይቅ መሥሪያ ቤቱ «ምስጢር ነው፤ ለቤተሰብ አይሰጥም» ብሎ መልሶናል። የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ የመሥሪያ ቤቱ ተወካዮች፣ ስታነቡት የሰማናችሁ የሐዘን መግለጫ «ባለውለታችን» ይላል። አበባውን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ማኅደሩን አምጡ።

ታላቄ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ለእኛ መጽናናትን ይስጠን፤ ንዴታችንን ግን ቶሎ አያብርደው።