እንግዳዬ ናት

ውድ ሀሊሞ፣

ይህን ደብዳቤ ሻሪፍ በጭነት መኪናው ቆላው ጎልቦ ድረስ ያመጣልሻል። ልጅሽ ሌንሳ ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያ ሞያሌ ስለተማረች ታነብልሻለች። በገዛ አፏ ማንበቡ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ግን እዚያ ሌላ አማርኛ የሚያነብልሽ የለም።

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም። ጠይቄ ምን ልሆን?

ያ አውሎ ነፋስ የቤትሽን ጣሪያ ገንጥሎ አስፋልቱ ላይ የጣለው ከሰዓት በኋላ ነበር። የእኔ ሆቴል አጥር ለአጥር ሆኖ አንድ ምስማር እንኳ አልወለቀበትም። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቤት ለፈረሰባቸው ድንኳን ሲታደል፣ የአካባቢያችን ሹም የቺፉ ጸሐፊ አዳን ስምሽን ጠራ።

«ሀሊሞ፣ ሄማ አሥራ አራት! ድንኳንሽን ውሰጂ!»

አንቺ እናትሽን ደግፈሽ ስትነሺ እኔ ቀደምኩሽ።

«እንግዳዬ ናት! የሃያ ዓመት ጎረቤቴ፣ እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ አታድርም!»

«ማማ እታለማሁ፣ ሰው ያስጠጋውን ከድንኳኑ ዝርዝር እንሰርዛለን። ሳዋ? ተስማማን?»

«ሰርዝ!» አልኩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ግን አላመለጠኝም። የማኅበራችን ሴቶች ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ሲመርቁኝ ደስ አለኝ። አንቺም እያለቀስሽ እጄን ያዝሽ።

በዘጠነኛው ቀን የእርዳታ ሠራተኞች ሆቴሉን በሙሉ ተከራዩት። ቤት ለሌላቸው መጠለያ ሊሠሩ የመጡ ናቸው። እናንተ ያላችሁበት ክፍል ስድስትም ተፈለገ። እንግዳን ውጣ ማለት ነውር ነውና አላልኩሽም። ራታችሁን አዘገየሁ፤ የውሃውን በርሜል ቆለፍኩ። አልገባሽ ሲል፣ በረንዳ ላይ ወደተቀመጡት እናትሽ ሄጄ «የእርስዎ ሳል ደንበኛ አያስተኛም» አልኳቸው። እናትሽ አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፤ ያንን ግን ሰሙ። ተነሥተው ልብሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

አንቺ አንሶላዬን አጥበሽ፣ አጥፈሽ፣ አልጋው ላይ ትተሽልኝ ሄድሽ። እኔም በዚያው ቀን ለአንዱ ሠራተኛ አነጠፍኩት።

ጎልቦ ከፍየል በረት ጥግ እንደተጠለላችሁ፣ እናትሽም በሦስተኛው ሳምንት እንዳረፉ ሻሪፍ ነገረኝ። አላለቀስኩም ብልሽ ውሸት ነው። አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለሠራተኞቹ ምሳ አቀረብኩ። ለቅሶ ግን አልደረስኩሽም።

አሁን ድንኳን ውስጥ ለነበሩት ሁሉ የቆርቆሮ ቤት ይሠራላቸዋል። ቺፉ ከዝርዝሩ የተሰረዙትን እንደገና ሲያጣራ እኔን አስጠራኝ።

«ማማ፣ ሀሊሞን አስወጥተሻታል ይባላል። ክዌሊ? እውነት ነው? አዎ ካልሽ ስሟን ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

ቤት ለማግኘት የቀረሽ የእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር። እነዚያው ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አዎ ብል ከእነሱ ጋር በየትኛው ፊቴ እውላለሁ?

«በፈቃዷ ነው የሄደችው» አልኩ። «ብለምናት፣ ብለምናት እምቢ አለችኝ።»

ሴቶቹ እንደገና መረቁኝ።

መዝገቡ ትናንት ተዘጋ። ይህን ከመዘጋቱ በፊት ብጽፍልሽ ወስደሽ ለቺፉ ታሳዪው ነበር። ስለዚህ ዛሬን ጠበቅሁ። አየሽ፣ እውነቱን ስናገር እንኳ ለራሴ ነው የተጠነቀቅሁት።

ይቅር በዪኝ ለማለት አልደፍርም። ነዪ፣ በሬ ክፍት ነው ብዬም አልጽፍልሽም። እሱን አንዴ ሰው ፊት ብዬሻለሁ።

ጎረቤትሽ የነበርኩት፣
እታለማሁ