ተገኝተናል ብለን ስለፈረምንበት መንገድ

ለሰፈራችን የመንገድ ማስፋፊያ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ግሬደሩ የመጀመሪያውን የብርብራ ዛፍ ገፍቶ ሲጥለው ጤናዎ እንዴት ነበር? ከዛፉ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ስለነበር በሰዓቱ ልጠይቅዎ አልተመቸኝም። አሁንም ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ በሰፈራችን በእግርዎ መሄድ የሚያስፈልግዎ ቀን እንዳይመጣብዎም እጸልያለሁ፤ መሄጃ የለምና።

ያን ዕለት ሥራው እንዲቆም ስማጸን፣ ተቆጣጣሪው በትሕትና አንድ ወረቀት አሳየኝ። «የነዋሪዎች የስምምነት ፊርማ» የሚል ርዕስ ነበረው። በተራ ቁጥር አንድ ላይ የእኔ ስም፣ ከሥሩ የአርባ ሁለት ጎረቤቶቼ ስም አለ። ፊርማው የእኛው ነው፤ አልክድም። የፈረምነው ግን ኮሚቴዎ ስለ መንገዱ በነሐሴ በጠራው ስብሰባ በር ላይ፣ መገኘታችንን ለማስመዝገብ፣ ርዕስ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ነበር። ስብሰባ ሲገቡ መፈረም የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። የከተማ ፕላን አምስት ዓመት የተማርኩት እኔም አልጠየቅሁም። ይባስ ብሎ፣ በየበሩ ዞሬ ጎረቤቶቼን ወደዚያ ስብሰባ የጠራኋቸው እኔው ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ መንገዱ ስፋት አመሰግናለሁ። ቀድሞ መኪና የማይገባበት፣ እኛው በየቅዳሜው እየወጣን ድንጋይ ያነጠፍንለት ጠባብ መተላለፊያ ነበር። በስብሰባው ላይ ያቀረብኩት ንድፍ ዛፎቹ እንዲቆዩ፣ መብራትና ሁለት አግዳሚ ወንበር እንዲጨመር የሚል ነበር፤ እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ አዳምጠውኛል። አሁን አሥራ አምስት ሜትር አስፋልት አለን። የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ግራና ቀኙ ክዳን የሌለው ቦይ ነው። ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ በእግር ሦስት ደቂቃ የነበረው አሁን በባጃጅ ይኬዳል። ዕድገት ማለት ይህ መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. አከራዬን ጋሽ ደረሰን ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ሦስተኛው ብርብራ ይሄዱና፣ ሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ይተርቡ ነበር። እኔን ሲያዩ፣ «ኢንጂነሯ፣ ከተማውን ሠርተሽ ጨረስሽ?» ይሉኛል። አሁን ቦዩን መሻገር ስለማይችሉ ከበር አይወጡም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የግቢውን አጥር ያያሉ። ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ቀልዱ ግን ቀርቷል።

፫. ስለ ጸጥታው። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። ዘመድ የሆነኝ ያ መተላለፊያ ነበር። ከሥራ ስመለስ ቤቴ እስክደርስ ዘጠኝ አሥር ሰው ሰላም እል ነበር፤ ሁለት ቀን ሳልታይ ከቀረሁ የቤቴ በር ይንኳኳል። አሁን በእግሩ የሚያልፍ ስለሌለ ማንንም አላገኝም። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ቆም ብለው ያነጋገሩኝ ወይዘሮ ገበያነሽ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከባጃጅ ሳይወርዱ፣ «እኛማ የተማረች ልጅ አለችን ብለን ነው የፈረምነው» አሉኝና ሄዱ። ባለፈው ሳምንት ታምሜ ሦስት ቀን ተኛሁ። ያንኳኳ አልነበረም። ለዚህኛው የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ንድፌን በመደርደሪያዎ፣ ፊርማዬን በፋይልዎ፣ ስሜንም በጎረቤቶቼ ቂም ውስጥ በክብር ላኖሩልኝ ለእርስዎ ካለኝ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ከአስፋልቱ ዳር፣ ለብቻዋ የቆመችው
ሩሀማ ዮሐንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመንገዱ ምረቃ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። በቂ የመኪና ማቆሚያ መዘጋጀቱን ይገልጻል፤ በእግሩ የሚመጣ ሰው በየት እንደሚገባ ግን አይገልጽም። ቢሆንም እመጣለሁ፤ ጋሽ ደረሰንም ደግፌ ቦዩን አሻግራቸዋለሁ። በር ላይ የሚፈረም ወረቀት ካለ፣ ከስሜ ጎን «መጥቻለሁ፤ አልተስማማሁም» ብዬ እጽፋለሁ። ጎረቤቶቼም እንዲሁ እንዲጽፉ፣ ባይከፍቱልኝም እንኳ፣ እንደገና በየበራቸው ዞሬ እነግራቸዋለሁ። መገኘቴ እንደ መስማማት ሲቆጠርብኝ ከእንግዲህ አልቀበልም።