ድንጋይ አላስቀምጥም ያልኩበት መሠረት

ማርታ፣

ወንድምሽ ጴጥሮስ እሱ በሚመራው የትምህርት ቤት አሠሪ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ አሻጥረኛ ብሎኛል። ያውም የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገቡ ተቀምጦ እየጻፈ። ሠላሳ ዓመት «ጋሼ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «እኚህ ሰው ሆን ብለው ሥራውን ያጓትታሉ» አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ እንደተውሽው ነው፤ የአጥሩን በር ብቻ ቀይሬዋለሁ። ልጃችን ሰናይት ቦኬ ታስተምራለች፤ በመጣች ቁጥር ከስተሃል ብላ ትቆጣኛለች። አሰበ ተፈሪ ያለው ትምህርት ቤት ሞልቶ ልጆች ከደጅ ሲመለሱ እያየሽ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛ ደረጃ እንድትከፍት ስትለምኚ ኖረሽ አለፍሽ። አሁን ተፈቀደ። ገንዘቡን ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ረጂዎች አገኘች። አንድ የሂርና ነጋዴ፣ ሐጂ ናቸው፣ አሸዋ እንዲያመላልስ መኪናቸውን ሰጡ። ምእመናኑ ድንጋይ ይሸከማሉ። ግንቡን ቄሳችን አባ ለእኔ ሰጡኝ። ፈቃዱ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ሰኔ ሳያልቅ የመሠረቱ ግንብ ከመሬት በላይ ካልታየ ቦታው ለገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ይሆናል።

ከአዲስ አበባ የመጣው ፕላን አንድ ሜትር ቆፍሩ ይላል። ፕላን ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ግን አነብባለሁ። አንድ ሜትር ላይ ያለው ዋልካ ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር አፈር። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድንጋይ አላስቀምጥም አልኩ። ሰኔ ተጋመሰ። እኔም አልተነቃነቅሁም።

የመጀመሪያ ቤታችንን ታስታውሻለሽ። ዋልካ ላይ ቸኩዬ ሠርቼው ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁን በአሮጌ ነጠላሽ ወተፍሽው እንጂ አንድም ቀን አልወቀስሽኝም። ይህን ለኮሚቴው ብነግር ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። አልነገርኩም። ጥፋቴን ለሰው ማሳየት አልወድም።

በስብሰባው ማግስት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱኝ። ሦስት ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። አባ ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ መሠረቱ ሄድኩ። ጴጥሮስ ሌላ ግንበኛ ቀጥሮ ድንጋይ ሊያስደረድር ቆሟል። ሲያየኝ «ጋሼ…» ብሎ ቀረ። ድጅኖ ሰጠሁትና የጉድጓዱን ወለል ውጋው አልኩት። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ድጅኖው እስከ ጨበጠበት ድረስ ሰመጠ።

ጴጥሮስ ኮቱን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የሞላውን ውሃ በባልዲ እያወጣን፣ የጎን አፈሩ እየተናደብን ቆፈርን። ጠንካራውን መሬት አገኘነው። ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግንቡ ከመሬት በላይ ወጣ። የአውራጃው ሰው መጥቶ ለክቶ ፈረመ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጴጥሮስ ቤት መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ አፉን ሲከፍት ስለ ሲሚንቶው ጠየቅሁት። እንደገና ጀመረ፤ ስለ ቆርቆሮው ጠየቅሁት። ከዚያ ምሳ በላን።

ማርታ፣ እስካለሁ አልረሳሽም። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ስምሽን እጠራለሁ። ወንድምሽ ያደረገኝን ግን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ለአንቺም ቢሆን አላነሳውም።