«ለሚስቴ ነው» ያልነው መነጽር

ሐረር፣ ጀጎል
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለናፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺም ባልሽም እንዴት ናችሁ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽማ ከደህናም በላይ ናት፤ ቤት ተገኝታ ቢሆን ሰላምታዋን ታክልበት ነበር።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈ ትይ ይሆናል። እናትሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ካልሰማች አይሆንላትም፤ የምነግርሽ ነገር ደግሞ ለእሷ ጆሮ አይደለም። ሌላው፣ መጻፍ ስለቻልኩ ነው። ማንንም ሳልለምን፣ በገዛ እጄ፣ መስመሩን ሳልስት! የእጅ ጽሑፌ አላማረም?

ባለፈው ስንደዋወል «የስፌት መኪናዬን ልሸጥ ነው፣ ወገቤ እምቢ አለ» ብዬሽ ነበር። ወገቤ ምንም አልሆነም። እምቢ ያለው ዓይኔ ነው። ክር ለማስገባት መርፌዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ፣ ወደ ፀሐይ እዘረጋዋለሁ፣ ክሩ በግራ ያልፋል፣ በቀኝ ያልፋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ግን አይገባም። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚያሰፋ ደንበኛ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ እመልሰው ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ግርግር መንገድ ላይ ሰፍቼ፣ በዚያ ሁሉ ልብስ ሰፊ መሐል «አይታየኝም» ከምል መኪናዬን ሸጬ ቤት ብቀመጥ ይሻለኛል አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።

እናትሽ ነገር ያመጣችው ያን ሰሞን ነው። እናንተ ዘንድ ሴቶች የቅርብ ማያ መነጽር በቦርሳ ይዘው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ዓይን እየለኩ በርካሽ ይሸጣሉ አሉ። ሌላም አገር ተሞክሮ ያዋጣ ነው፤ ከሽያጩ ከፊሉ ለሻጯ፣ የቀረው ለሚቀጥለው ካርቶን መግዣ ይሆናል አለችኝ። መክፈል ላቃተው ደግሞ አፎቻችን ይሸፍንለታል አለች። አፎቻ ለሰርግና ለሐዘን የተሰበሰበ ማኅበር ነው እንጂ የመነጽር ሱቅ ነው ወይ ብዬ ሳቅሁባት። «ዓይን ማጣትስ ከሐዘን አይቆጠርም?» ብላኝ ሄደች።

መነጽር የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የአፎቻዋን ሴቶች አሰለጠነ፣ መነጽሩንም ላከ። የላኩት ሰዎች ግን እስከ ረመዳን ካልተሸጠ ካርቶኑን ለሌላ ከተማ እንሰጣለን አሉ። ሴቶቹ እንደተማሩት ሸዋ በር ገበያ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ሰቅለው ተቀመጡ። ያገርሽን ሰው ታውቂው የለ? ገበያተኛው በሙሉ ዙሪያውን ከቦ እያየ፣ ማን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አላየሁትም» ይላል? የመጣው ሁሉ «ለጎረቤቴ ነው» እያለ መነጽሩን አገላብጦ ይመለሳል።

እናትሽ ጃንጥላውን አጣጥፋ ወደ ቤት ለቤቱ ገባች። ያኔ የየቤቱ ሴቶች ተቀበሏት። ሙዳይ የሚሰፉት ቀለም ከቀለም ለዩ፣ ቁርኣን የሚቀሩት በደስታ አለቀሱ። አክስትሽ ሪሃናም ስትለካ የዓይን ሞራ እንዳለባት ታውቆ ሆስፒታል ተላከች። ተገፎላታል፤ አሁን መስኮት ላይ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ታማለች።

የከበደው መኪና ግርግር ነው። ከሱቄ ጎን የሚሰፋው ዑመር እናትሽን ጠርቶ፣ «ዘሀራ፣ አንድ ለሚስቴ ስጪኝ» አላት።

«አምጣትና ልለካት።»

«አቦ፣ እሷ ከቤት አትወጣም!»

ሚስቱ እኮ ከእናትሽ ጋር ስትሸጥ የምትውል ናት! እናትሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ሻጭ ሆና «ለሚስቴ» አልል ነገር! እሷ ግን በየቀኑ ስትመለስ ሳጥኗን ሱቄ ውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትታው ትሄድ ጀመር። ክፍቱን። ስኳር እንኳ የምትቆልፍ ሴት! አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ከላይ ያለውን አንስቼ አፍንጫዬ ላይ አደረግሁትና መርፌዬን ያዝኩ። ክሩ ሰተት ብሎ ገባ። ሱብሃነላህ! የጨርቁ ድርና ማግ ታየኝ። እጆቼንም አየኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ግን የእኔው ናቸው። መኪናዬን አቅፌ አለቀስኩ ብልሽ አትሳቂብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ ከሜትሬ ሥር እየደበቅሁ፣ ሰው ሲሄድ እያወጣሁ እሰፋ ነበር። አንድ ረቡዕ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ አለቀብኝና ልገዛ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየኛል። ዛሬ ምን ነክቶኝ ነው ይህን ያህል ያማርኩት እያልኩ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ፣ የሒሳብ አስተማሪሽ የነበሩት ጋሽ እንደሻው፣

«ዘከሪያ፣ የሚስትህን መነጽር አድርገህ ነው የወጣኸው?» አሉኝ።

እጄን ብሰድ መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነው! ረስቼው ነው የወጣሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዑመር እዚያው ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ እጁን ደረት ኪሱ ከተተና የራሱን አውጥቶ አደረገ። «እስኪ ና፣ ፊትህን በደንብ ልየው» አለኝ። ከጎኑ ያለውም ከኪሱ አወጣ። ከማዶ ያለውም። ጋሽ እንደሻው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ከካፖርታቸው አወጡና «የእኔዋ ያመጣችልኝ ናት» አሉ። ለካ ሁሉም ከየሚስቱ ተቀብሎ በኪሱ ደብቆ ነው የሚዞረው! ሻይ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ወላሂ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሁሉ ተሰልፎ በአደባባይ ተለካ። ካርቶኑ አለቀ፣ ሌላ እየመጣ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ የሚል ወሬም ቀርቷል። እናትሽ አሁን ሴቶች ለማሰልጠን ገጠር ትወጣለች። እኔም መኪናዬን አልሸጥም።

አሁን ወደ ምስጢሬ ልምጣ። በቀደም እየተጫወትን እናትሽ «ከእንግዲህ ለልጄ አንዱ እጅጌ ከአንዱ የሚረዝም ቀሚስ አትልክላትም» አለችና ወዲያው አፏን ያዘች። ያለፈውን የዒድ ቀሚስሽን እኮ ሰፍቼ እንደጨረስኩ ከሱቄ በቀጥታ ነው የላክሁልሽ፤ እሷ አላየችውም፤ ታዲያ ማን ነገራት? አንቺም በስልክ «ልክክ ብሎኛል አባ» ብለሽኛል። የመነጽሩም ወሬ የመጣው ከእናንተ አገር ነው። እኔ ምንም አልጠየቅሁም፣ ምንም አላወቅሁም፤ አንቺም አልነገርኩሽም። አንድ ሰው መነጽር እንዲያደርግ ብሎ ከተማውን ሁሉ መነጽር የሚያስደርግ ሰው ግን ከየት ይገኛል፣ ልጄ?

ከደብዳቤው ጋር የዘንድሮውን የዒድ ቀሚስሽን ልኬልሻለሁ። ጥቁር ነው፣ በጥቁር ክር። ገልብጠሽ ስፌቱን እዪው፣ እጅጌዎቹንም ለኪያቸው። ልክ ካልሆነ ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ፣ ቤታችሁን በሳቅ ይሙላላችሁ፣ የልጅ ልጄንም ቀሚስ ለመስፋት ያብቃኝ። አሚን።

አባትሽ ዘከሪያ

ይህን ስጨርስ እናትሽ ገባች። «ምን ትጽፋለህ?» ስትለኝ «የደንበኛ ልኬት ነው» አልኳት። ወረቀቱን አላየችም። መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አንስታ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችልኝና ምሳ ልታቀርብ ሄደች።