ዓይኔን የሚተረትር ሐኪም

ጓንዡ፣ ቻይና
ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ ሳዕዳ፣

ይህን የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ አታስጨርሺኝም። ገና «ሐኪሟ እኮ» ብዬ ስጀምር «በላሽ ወይ?» ትያለሽ፤ «በልቻለሁ» ስልሽ «ምን በላሽ?» ትያለሽ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ጽፌ፣ ዕቃ አመላላሹ ፈይሰል ለሱቁ ይዞት በሚመጣው የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል ውስጥ ከትቼዋለሁ። መነጽርሽ እንደ ልማዱ ከጠፋ ልጅሽ ሚክዳድ ያንብብልሽ። ስለ ፎቶው የተጻፈው ጋ ሲደርስ ግን ተነስቶ ሊወጣ ይችላልና አጠገብሽ አስቀምጪው።

ደህና ነኝ። ዓይኔ ያያል፤ ስፌቱም ወጥቷል። ይህን ካወቅሽ ሻይሽን አስቀርቢና ቀስ ብለሽ ስሚኝ።

የምታውቂውንም እነግርሻለሁ፤ በእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂምና። አባቴ ከቡታጅራ አምጥቶ ለእህቱ፣ ለአንቺ፣ ሲሰጠኝ ገና የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም ነበር። ዲላ ውስጥ አንድም ሰው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ዓይኔን ሲያዩ ይበቃቸው ነበር። የእኔም የአንቺም ዓይን በአፍንጫ በኩል ያለው ጥጉ በትንሽ የቆዳ እጥፋት የተሸፈነ ነው፤ ስንስቅ ደግሞ ዓይናችን ጭራሽ ይጠፋል። አንቺን በልጅነትሽ «እንቅልፋሟ ሳዕዳ» ይሉሽ ነበር። እኔን ክፍል ውስጥ ዓይኔን ከሰሌዳው ሳልነቅል አስተማሪዬ «ኢልሃም፣ ንቂ» ይለኝ ነበር። ቢሆንም ያን እጥፋት እወደው ነበር። ሰው ሁሉ የሳዕዳ ልጅ የሚለኝ በእሱ ነው፤ አንቺም አንድ ቀን እንኳ «አይ፣ የወንድሜ ልጅ ናት» ብለሽ አላረምሻቸውም።

ታዲያ ለምን አስቆረጥሽው አትበይኝ፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ጓንዡ ቋንቋ ልማር መጥቼ ከሦስት ቻይናውያን ልጆች ጋር አንድ ክፍል እኖር እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚህ አገር የዓይንን ጥግ ማስከፈት ፀጉር የመሠራት ያህል የቀለለ ነገር ነው። ሦስቱ ሊያስከፍቱ ሲነሱ ክሊኒኩ «አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ አራተኛዋ በነፃ» አላቸው። አራተኛ ጠፋ። እኔ ደግሞ የነጋዴ ቤት ልጅ አይደለሁ፤ ነፃ የሚል ቃል ስሰማ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። በዚያ ላይ «እንቅልፍሽ መጣ እንዴ?» መባል ሰልችቶኝ ነበር። ሦስቱ አማረባቸው። የእኔን ግን ከልክ በላይ ቆርጠውት ኖሮ፣ የዓይኔ ጥግ ቀይ ሥጋው እስኪታይ ተከፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ የደነገጠች ሴት መስዬ ቀረሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ዲላ የገባሁ ቀን «ማሻአላህ፣ ዓይኗ በራ» ብለሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሽኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን መስታወት ፊት ቆመሽ የራስሽን የዓይን ጥግ በጣትሽ ወደ አፍንጫሽ ስትስቢው አይቼሻለሁ።

ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል። ደንበኛ መጥቶ ለጨርቁ ዋጋ ሲሰጥ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። በዋጋው የደነገጥኩ ይመስለውና፣ አንድ ቃል ሳልናገር፣ አፍሮ ይጨምራል። አንቺ ከኋላ ሆነሽ «እይው፣ እይው» እያልሽ ትጎነትዪኛለሽ። ቡሌ ለቅሶ የሄድን ጊዜማ የደጋው ንፋስ የተከፈተውን ዓይኔን ሲመታው እንባዬ እስከ አገጬ ወረደ። ሟቹን በስም እንኳ አላውቀውም ነበር፤ የሟች እህት ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ እኔን አጽናናችኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ በሳቅ ልትሞቺ ነበር። እጥፋቱን አስመልሰዋለሁ ባልኩሽ ቁጥር «እነዚህ ዓይኖች እንጀራችን ናቸው፣ አትንኪያቸው» እያልሽ ነገሩን ትዘጊዋለሽ።

እንዲህ የቆየነው የቡሌዋ እማማ ውዳሴ እስኪመጡ ድረስ ነው። ቆጯቸውን ሸጠው ሲመለሱ ሁልጊዜ እኛ አግዳሚ ላይ እንደሚያርፉ ታውቂያለሽ። ታመው ከርመው ስለነበር ከቻይና ከመጣሁ ወዲህ አላዩኝም። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞረው፣ ሴቱንም በወንድ በሚጠሩበት አማርኛቸው፣ «ሳዕዳ፣ ይሄ ልጅ ቅጥር ነው? ጎበዝ ነው። የራስሽ ልጅስ፣ ያ ዓይኑ ትንሽ የሆነው፣ መቼ ይመጣል?» አሉሽ።

የያዝሽውን ሜትር አስቀመጥሽና ጨርቅ ማጠፍ ጀመርሽ። እስክንዘጋ ድረስ ከማንም ጋር ዋጋ አልተከራከርሽም፤ የመጣው ሁሉ የፈለገውን ሰጥቶ ሄደ። የሱቁን በር እየቆለፍሽ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «የሚመለስ ከሆነ ይመለስ» አልሽኝ። ያን ቀን ነው እጥፋቱ የጎደለው ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ደስ አለኝ፣ አክስቴ። የዚያን ቀን ደስታዬን እስካሁን አልነገርኩሽም።

አዲስ አበባ የሄድንበት የዓይን ሐኪም ዓይኔ ጤነኛ መሆኑን አይቶ፣ እጥፋቱን መመለስ የለመዱት እዚያው የተቆረጠበት አገር ያሉ ሐኪሞች ናቸው አለን። መክፈት የሚችል ሁሉ መመለስ ይችላል ብለን እንዳንታለል ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። አንቺ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝሽው ይቺን ነበር። ዲላ እስክንደርስ ስትብሰለሰዪ ቆይተሽ «በቃ፣ ልብስ ሰፊ እንደምመርጠው ነው የምንመርጠው» አልሽ።

ሚክዳድ ሳቀ፤ እኔ ግን ገባኝ። ለሱቃችን በረንዳ ልብስ ሰፊ ስትቀጥሪ የሰፋኸውን አሳየኝ አትዪም። የተበላሸ ቀሚስ ትሰጪውና ተርትረው ትዪዋለሽ። ወዲያው ምላጭ ያነሳውን ታሰናብቺዋለሽ። ሽብሩን የቀጠርሽው ቀሚሱን ገልብጦ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ፣ ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ ሲፈልግ ሻይሽ እስኪቀዘቅዝ ስለቆየ ነው።

እንግዲህ ሦስታችንም ዋይፋይ ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሚክዳድ ስልኩን ያዘ፣ እኔ በቻይንኛ አወራሁ፣ አንቺ ከትከሻዬ በላይ አንገትሽን አውጥተሽ እያንዳንዱ ሐኪም ላይ አፈጠጥሽ። መጀመሪያ የቆረጠኝ ክሊኒክ ዘንድ በቪዲዮ ደወልን። አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ብቅ አለች፤ ሐኪም አልነበረችም። ይቅርታ ጠይቃ በነፃ እንመልስልሻለን አለችኝ። ስተረጉምልሽ ነፃ የምትለዋን ቃል ሳልጨርስ ስልኩን ከሚክዳድ እጅ ነጥቀሽ ዘጋሽው። «ነፃ የሚሉት ነገር አንዴ ዓይኗን በልቶታል» አልሽው።

ሁለተኛው ያ መልከ መልካሙ ሐኪም ነው። ከኋላው ፏፏቴ ያለበት አዳራሽ ይታያል። ሰላም ከማለቱ የፊቴን ምስል በቀይ መስመር ሞላው፤ ዓይኔን ጨርሶ አፍንጫዬንና አገጬንም አከለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ነይ፣ ልክ እንደ ድሮሽ አደርግሻለሁ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እሱን መርጬ ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት የሚለው ቃል እንዴት እንደጣፈጠኝ አትጠይቂኝ። አንቺ ግን «ይሄ ምላጩን ያነሳው ገና በሩ ላይ ሆኖ ነው» ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። ተኮራረፍን። ሚክዳድ መሐል ሆኖ ሁለታችንንም ሻይ ጋበዘን።

ሦስተኛዋ ዶክተር ሊ ናት። ምሳዋን እየበላች ነበር፤ ሳህኗን ገፋ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች። ወደ ፀሐዩ ዙሪ አለችኝ። ጨፍኚ፣ ወደ ላይ እዪ፣ ጠባሳውን በጣትሽ ጫን አድርጊው፣ አሁን ሳቂ። መሳቅ እንቢ ሲለኝ ሚክዳድ ጎኔን ኮረኮረኝ። ከዚያ ሴትየዋ ፊቷን ወደ ስልኳ አስጠግታ ጠባሳውን መመርመር ያዘች። ሳትንቀሳቀስ ከመቆየቷ የተነሳ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እኔ የእሷን ቃል እየጠበቅኩ ሳለ፣ ከቻይንኛው አንዲት ቃል ያልሰማሽው አንቺ፣ እጅሽን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገሽ «ይቺ ናት» አልሽ።

የተናገረችው ግን እኔ ልሰማው የፈለግኩትን አልነበረም። ጠባሳው ገና ደረቅ ነው፣ ግማሽ ዓመት ያህል በጣት እያሸሽ አለስልሺውና ነይ አለችኝ። ስትመጪም ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ቀጭን መስመር ይቀራል፤ ልክ እንደ ድሮሽ አደርግሻለሁ የሚልሽ ሰው ይህን ሥራ ሠርቶት አያውቅም አለችኝ። አለቀስኩ። በዚያ ዓይን ከልቤ ያለቀስኩት ያኔ ነበር፤ አንቺ ንፋስ መስሎሽ ሻርፕሽን አለበስሽኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሁሉ ደግሜ ብኖራቸው አልጠላም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳንከፍት ጨርቁ ላይ አጋድመሽኝ በአውራ ጣትሽ የዓይኔን ጥግ ስታሺው፣ ዱዓሽንና የዕለቱን የዕቃ ዋጋ እያቀላቀልሽ ስታንሾካሽኪ፣ እኔ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጠባሳው ለሰለሰ። እኔም ለሰለስኩ።

አሁን ፎቶው ጋ ደረስን፤ ሚክዳድን ያዢው። ወደዚህ ተመልሼ ስመጣ ዶክተር ሊ የድሮ ዓይኔን በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ጠየቀችኝ። የእኔ ፎቶዎች ሁሉ ፎቶ አንሺው በዛብህ «ዓይን ይከፈት» እያለ ያነሳቸው ስለሆኑ አልጠቀሙም። ከዘመድ ተመሳሳይ ዓይን ያለው ካለ የእሱም ይሆናል አለች። አንቺ፣ በካሜራ ፊት ቆመሽ የማታውቂው፣ የበዓል ልብስሽን ለብሰሽ፣ ኩል ተኩለሽ በዛብህ ጋ ሄድሽ። ፎቶው ሲደርሰኝ ዓይንሽ የቡና ሲኒ አክሎ ነበር። ዶክተር ሊ ፎቶውን ስታየው ጊዜ ወስዳ፣ በጣም በትህትና፣ «እሷንም የቆረጣት ያው ክሊኒክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ሚክዳድ ሳታውቂ አነሳሽ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ያ ከጨለለቅቱ የመጣው ሰውዬ ለሙሉ ጣቃ የሽርፍራፊ ዋጋ ሲሰጥሽ በሳቅ የፈረስሽበት ቀን ነው። አፍሽ ተከፍቷል፣ ሜትሩ አንገትሽ ላይ ነው፣ ዓይንሽ ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ሆኗል። ዶክተር ሊ አሳትማ የክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የቀዶ ጥገናው ዕለት ከተኛሁበት ቀና ስል የማየው አንቺን ነበር። ሌሎች ሐኪሞችም እየገቡ፣ እየተጠጉ፣ የእጥፋቱን ልክ እያዩ ሄዱ። አንዷ ወጣት ሐኪም እንዲህ ያለ ዓይን ማን ይነካል፣ ስትስቅ ፊቷ ሁሉ ይስቃል አለች። ይህን ለአንቺ ስል አልፈጠርኩትም፤ ወላሂ ብላለች። መስታወት ፊት ስትቆሚ አስታውሺው።

ዶክተር ሊ እጇን እየታጠበች ይቺ ሴት ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ናት አልኳት። በቻይንኛ እንዴት ቀላል ቃል መሰለሽ። ይህን ያህል ዓመት በአማርኛ አንገቴ ላይ እየደረሰ ሲመለስ የነበረው ቃል በሰው አገር ቋንቋ ዘሎ ወጣ።

ስፌቱ የወጣ ቀን መስታወት ሰጡኝ። እብጠቱ ገና አለ። ዶክተር ሊ ያለችው ቀጭን መስመርም አለች፤ በደንብ ለሚፈልጋት ትታያለች። መጀመሪያ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ያዝኩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁና ያ የጨለለቅቱ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። መስታወቱ ውስጥ ዓይኔ ጠፋ፣ አክስቴ። ሁለት መስመር ብቻ ቀረ። አንቺ ነበርሽ የምትስቂው።

ዕቃውን አስጭኜ እንደጨረስኩ እመጣለሁ። መናኸሪያ ስትቀበዪኝ የደነገጠች ሴት አትፈልጊ። ከእንግዲህ ዋጋ የምንከራከረው በአፋችን ነው፤ ለዚህ ኪሳራ አስቀድሜ ይቅርታሽን ጠይቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እማማ ውዳሴ በሚመጡበት የገበያ ቀን ሱቅ ውስጥ አብረን እንሁን። ውሃውን እኔው እሰጣቸዋለሁ። አንቺ ምንም አትናገሪ። ቀና ብለው ይዩኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ እሳቸው ይንገሩን።

ደብዳቤውን ውድ አክስቴ ብዬ ጀምሬዋለሁ፤ ልማድ ነው፣ አልሰርዘውም። መጨረሻውን ግን ሚክዳድ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።

ልጅሽ፣
ኢልሃም