የመሪጌታ ቅል

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፯ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ገበያ ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «የመሪጌታ ክንፉ ቅል ከሳይንስ መምህሩ ጭንቅላት ይበልጣል» ስትል ሰማሁ። እዚህ ሳይንስ የማስተምረው እኔ ብቻ ስለሆንሁ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቅሉን አየሁት። ከጭንቅላቴ ያንሳል።

ሥራው ግን አንገበገበኝ። መሪጌታ የኮሶ አበባ አፍልተው ያጠለሉትን ውኃ ቅሉ ውስጥ ጨመሩ፤ የኑግ ዘይት አከሉበት፤ ናጡትና ሰቀሉት። ዘይቱ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከሥር ያለውን የሰም ውታፍ ነቅለው ውኃውን ወደ ገንቦ አፈሰሱ፤ ዘይቱ ሊደርስ ሲል በአውራ ጣታቸው ደፈኑት። አንዲት ጠብታ ብታመልጣቸው ምን ነበረበት?

ገና አንዴ እንደናጡ፣ እንዳልበለጥ ብዬ፣ «የኔታ፣ ዘይቱን ባንዴ ከመጨመር ሦስት ቦታ ከፍሎ ሦስቴ መናጥ የበለጠ ያወጣል፤ መጽሐፍ እንዲህ ይላል» አልኋቸው።

«እኔስ መቼ ከሦስት አጉድዬ አውቃለሁ? በሥላሴ ስም ነው እንጂ! ያንተ መጽሐፍ ደግሞ ስለ ምን ብሎ ነው?»

የመጽሐፌ ምክንያት ሁለት ገጽ ነው።

ስመለስ ዲሬክተራችንን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ሐሙስ መሪጌታ ክፍልህ ገብተው ለልጆቹ ያሳዩልን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ይሰማኛል? እምቢ የምልበት ምክንያት እየፈለግሁ ነው። ቅሉ ንጹሕ አይደለም እንዳልል፣ ከእኛ ብርጭቆዎች ይጸዳል።

ይህን ትምህርት ሁለት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬአለሁ። ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።